ውሻው የጮኸው ጅቡ ሳይመጣ ነበር

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ ዘር ማጥፋትን አስቀድሞ ለመከላከል የሚደረገው ጥረት ሁሉ ከንቱ ድካም ነው ብሎ ይደመድማል። ክርክሩ ሲጨመቅ ይህን ይመስላል። እልቂት እንደ ርዕደ መሬት ድንገት የሚፈነዳ የሕዝብ ቁጣ ስለሆነ አስቀድሞ አይታወቅም። የሰብአዊ መብት ተሟጋቾች ሬሳ ቆጣሪዎች ናቸው፤ ጅብ ከሄደ የሚጮህ ውሻ። ሩዋንዳ ላይ ማስጠንቀቂያው ደርሶም ማንም ስላልተንቀሳቀሰ ማስጠንቀቅ ፋይዳ የለውም። ገዳይን የሚያቆመው ጠመንጃ ብቻ ነው። ባለሙያዎቹ «አደጋ አለ» ብለው ምንም ያልሆነባቸው አገሮች ስላሉ ሥራቸው ማስፈራራት ነው። በመጨረሻም «ዘር ማጥፋት» የሚለውን ቃል ጮክ ብሎ ያልተናገረ ሁሉ የወንጀሉ ተባባሪ ነው ይላል።

ጸሐፊው ማስረጃቸውን በ1994 የሁቱ አክራሪዎች አናሳዎቹን ቱትሲዎች ከጨፈጨፉባት ከሩዋንዳ ስላመጡ እኛም በብዛት እዚያው እንቆያለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከርዕደ መሬቱ እንጀምር። ርዕደ መሬት የስም ዝርዝር አያዘጋጅም፤ ገጀራም ከውጭ አያስመጣም። የፕሬዚዳንት ሃብያሪማና አውሮፕላን ኪጋሊ ላይ ተመትቶ የወደቀው ኤፕሪል 6 ቀን 1994 ምሽት ላይ ሲሆን ጸሐፊው ሰዓታቸውን የሚያስጀምሩት ከዚያ ነው። ጉዳዩን በቅርብ የሚከታተል ሰው ግን ሦስት ዓመት ተኩል ወደ ኋላ ይመለሳል። በኦክቶበር 1990 በመንግሥትና አርፒኤፍ በተባሉት በአብዛኛው ቱትሲ በሆኑ አማጺዎች መካከል ጦርነት ተጀምሮ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው በሰሜን ምዕራብ ኪቢሊራ ውስጥ በሁለት ቀን ከ300 በላይ ቱትሲዎች ተገደሉ። በ1991 መጀመሪያ ላይ ባጎግዌ የሚባሉት ከብት አርቢ ቱትሲዎች ተጨፈጨፉ። በማርች 1992 ደግሞ ከኪጋሊ በስተደቡብ ያለው የቡገሴራ አካባቢ ተራ ደረሰ።

ቡገሴራ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በመላው አገር የተሠራበት ስልት እዚያ በትንሹ ተሞክሯልና። ማርች 3 ቀን የመንግሥት ራዲዮ ናይሮቢ የሚገኝ የመብት ድርጅት ላከው የተባለ መግለጫ ደጋግሞ አነበበ። ቱትሲዎች 22 የሁቱ ታላላቅ ሰዎችን ሊገድሉ አቅደዋል የሚል ነበር። መግለጫው ፈጠራ ነው። በማግስቱ ሌሊት ግድያው ጀመረ፤ 300 የሚጠጋ ሰው አለቀ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ ሰው የሚያምነው ጣቢያ «ሊገድሉህ ነው» አለ፣ ቀጥሎ ግድያው መጣ፣ በመጨረሻም ትልልቆቹ ሳይጠየቁ ቀሩ። «ሊገድሉህ ነው» የሚለው ክስ ብዙ ጊዜ ከግድያው ይቀድማል፤ ገዳዩ ራሱን እንደተከላካይ እንዲያይ የሚያደርገው እሱ ነው። የመጨረሻው ክፍል ደግሞ ከሁሉ የከፋ ምልክት ነው። ማንም ካልተቀጣ፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ፈቃድ ተሰጥቷል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውም በጠራራ ፀሐይ የተሠራ ነው። ኖቬምበር 22 ቀን 1992 ካባያ ላይ የገዥው ፓርቲ ባለሥልጣን ሌዮን ሙገሴራ ቱትሲዎች በወንዝ ወደ ኢትዮጵያ እንዲመለሱ ይደረጋሉ ብሎ በአደባባይ ተናገረ። (አዎ፣ ወደ ኢትዮጵያ። ቱትሲዎች ከዚህ ፈልሰው የሄዱ መጤዎች ናቸው የሚለው የቅኝ ግዛት ዘመን ተረት እስከዚያ ድረስ ያገለግል ነበር። በ1994 ሬሳዎቹ በካጌራ ወንዝ እየተንሳፈፉ ወጡ።) በጁላይ 1993 በቱትሲዎች ላይ ጥላቻ የሚሰብከው ሚል ኮሊን ራዲዮ ሥራ ጀመረ። ከጃንዋሪ 1993 እስከ ማርች 1994 ባለው ጊዜ ደግሞ 581,000 ኪሎ ግራም ገጀራ ወደ አገሪቱ ገብቷል፤ የቀደሙትን ዓመታት እጥፍ ገደማ ነው። ገጀራ የገበሬ ዕቃ ነው፣ በራሱ ምልክት አይሆንም ለሚል ሰው መልሱ «ልክ ነህ» ነው። ምልክቱ ዕቃው ሳይሆን ከተለመደው መጠን መውጣቱ ነው። ስለዚህ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራ የሚጀምረው ሰላም ባለበት ጊዜ «የተለመደው» ምን ያህል እንደሆነ በመመዝገብ ነው። የጭር ወቅት መዝገብ የሌለው ታዛቢ ሁሉም ነገር አዲስና አስፈሪ ይመስለዋል፤ ወይም በተቃራኒው ምንም አይታየውም።

የሕዝብ ቁጣ ቢሆን ኖሮ በአንድ ሌሊት በየቦታው በፈነዳ ነበር። አልፈነዳም። በደቡብ የምትገኘው ቡታሬ ብዙ ቱትሲዎች የሚኖሩባት፣ ገዥዋም ቱትሲ የሆነ ብቸኛዋ ክፍለ ሀገር ነበረች። ገዥው ዣን ባፕቲስት ሀብያሊማና ወደ ሁለት ሳምንት የሚጠጋ ጊዜ ግዛቷን በአብዛኛው አረጋግተው ቆዩ። ከዚያ ከሥልጣን መነሳታቸው በራዲዮ ተነገረ። ኤፕሪል 19 ቀን ጊዜያዊው ፕሬዚዳንት ሲንዲኩብዋቦ ራሱ ቡታሬ መጥቶ በአዲሱ ገዥ ሹመት ላይ ንግግር አደረገና ሕዝቡን ዳር ቆማችሁ አትመልከቱ፣ «ሥራ» ጀምሩ አለ። የጅምላ ግድያው የተከተለው ከዚያ ነው። ሀብያሊማናም በኋላ ተገደሉ። በሰሜን ምሥራቅ ጊቲ የምትባለው ወረዳ ደግሞ ከንቲባዋ ገና ከጅምሩ ዘራፊዎችን በማሰሩ ዘር ማጥፋቱ አልተፈጸመባትም። ትእዛዝ የሚጠብቅ ርዕደ መሬት አይተን አናውቅም።

«ሥራ» የሚለው ቃል ሌላ ነገር ያስታውሰናል። በኪንያርዋንዳ «ጉኮራ» ማለት መሥራት ነው፤ በዚያ ወቅት ግን መግደል ማለት ሆኖ ነበር። «ኢንየንዚ»፣ በረሮ፣ ማለትም ቱትሲ ነው። የተመድ ሰላም አስከባሪ ኃይል ቋንቋውን የሚሰማ በቂ ሰው ስላልነበረው ከተማው በሙሉ የሚያዳምጠውን ራዲዮ እሱ አያዳምጠውም ነበር። በአማርኛም «አረም»፣ «ነቀርሳ»፣ «ተባይ» የሚሉት ቃላት ስለ ሰው ሲነገሩ ምን እንደሚሆኑ የሚያውቀው ቋንቋውን በየቀኑ የሚኖርበት ሰው ነው። በማሽን ትርጉም የሚያነብ አጣሪ «አረሙን ንቀሉ» የሚለውን የግብርና ምክር አድርጎ ሊያልፈው ይችላል።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ተሟጋቾች ጅብ ከሄደ የሚጮህ ውሻ ናቸው የሚለው፣ በቀላሉ በቀን መቁጠሪያ ይፈታል። አራት ዓለም አቀፍና አህጉራዊ የመብት ድርጅቶች ያቋቋሙት አጣሪ ኮሚሽን ሩዋንዳ የገባው በጃንዋሪ 1993 ነው። የጅምላ መቃብር አስቆፈረ፣ ምስክር ሰማ፣ በማርች ሪፖርቱን አወጣ፤ ከኦክቶበር 1990 ወዲህ 2,000 የሚያህሉ ቱትሲዎች መገደላቸውንና የባለሥልጣናትን እጅ አሳየ። ቤልጂግ አምባሳደሯን ለምክክር ጠራች። በዚያው ዓመት በኤፕሪል ሴኔጋላዊው የተመድ ልዩ ራፖርተር ባክሬ ዋሊ ንዲያዬ አገሩን ጎበኙና በኦገስት ባወጡት ሪፖርት የዘር ማጥፋት ስምምነቱ ለሩዋንዳ ግድያዎች ሊጠቀስ እንደሚችል ጻፉ። እልቂቱ ሊጀምር ስምንት ወር ገደማ ይቀረዋል። ውሻው በደንብ ጮኋል።

ከዚያ ኮሚሽን የሚማሩት አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ኮሚሽኑ አገር ውስጥ እያለ ግድያው ጋብ ብሎ ነበር፤ ከወጣ በኋላ ወዲያው ቀጠለ። ይህ በአንድ በኩል የዓይን ምስክር ገዳይን እንደሚያሳፍረው ያሳያል። በሌላ በኩል ደግሞ መጥቶ መሄድ አደጋ እንዳለው ያስተምራል፤ ለአጣሪው የተናገረ ሰው አጣሪው አውሮፕላን ሲሳፈር ብቻውን ይቀራል። ቡገሴራ ውስጥ ኒያማታ የኖረችው ጣሊያናዊት ቶኒያ ሎካቴሊ በማርች 1992 ስለ ግድያው ለውጭ ራዲዮ በስልክ ከተናገረች በኋላ በጥይት ተገደለች። ስለዚህ የምስክር ጥበቃ የሚታቀደው ከቃለ መጠይቁ በፊት ነው። ስሙ የት ይቀመጣል? ማን ያየዋል? ቤቱ ሌሊት ቢንኳኳ ማን ጋ ይደውላል? ሦስቱን መመለስ ያልቻለ ጠያቂ ባይጠይቅ ይሻላል።

እዚህ ላይ ግን ለጸሐፊው ግማሽ መንገድ እንሄድላቸዋለን። ብዙ የመብት ሪፖርት በእርግጥም ዘግይቶ ይወጣል፣ መቶ ገጽ ይሆናል፣ መጨረሻው ላይም ለ«ዓለም አቀፉ ማኅበረሰብ» የተጻፈ ረጅም ምክረ ሐሳብ ይደረደርበታል። ዓለም አቀፍ ማኅበረሰብ የሚባል ስልክ የሚያነሳ ሰው የለም። ለፍርድ ቤት የሚሆን ሰነድና ለነገ ጠዋት ውሳኔ የሚሆን ማስጠንቀቂያ ሁለት የተለያዩ ጽሑፎች ናቸው። የመጀመሪያው ሙሉ መሆን አለበት፤ ሁለተኛው በሰዓቱ። አንዱን በሌላው ቦታ መላክ የዘርፉ የቆየ በሽታ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ማስጠንቀቂያው ደርሶ ምንም ካልተደረገ ማስጠንቀቅ ከንቱ ነው የሚለው ክርክር፣ የእሳት አደጋ መኪናው ስላልመጣ ስልክ የሚባለው ነገር አይሠራም እንደማለት ነው። ስልኩ የት ላይ እንደተቋረጠ ማየት ይቻላል፤ ሰነዱም አለ።

ጃንዋሪ 11 ቀን 1994 ዩናሚር የተባለው የተመድ ኃይል አዛዥ ካናዳዊው ጄኔራል ሮሜዮ ዳሌር ከኪጋሊ ወደ ኒው ዮርክ ፋክስ ላኩ። መረጃ ሰጪው ኢንተርሃምዌ የተባለው የገዥው ፓርቲ ሚሊሻ ከፍተኛ አሠልጣኝ ነው፤ በወር 150,000 የሩዋንዳ ፍራንክ ይከፈለዋል። 1,700 ሰዎች ሠልጥነው በ40፣ በ40 እየተከፈሉ በኪጋሊ ተበትነዋል። በከተማው ያሉትን ቱትሲዎች በሙሉ እንዲመዘግብ ታዟል፤ ለማጥፋት ነው ብሎ ይጠረጥራል፤ ሰዎቹ በ20 ደቂቃ እስከ 1,000 ሰው መግደል ይችላሉ። ቢያንስ 135 መሣሪያ ያለበትን ክምችት ሊያሳይ ዝግጁ ነው። የቤልጂግ ወታደሮችን ተንኩሶ ጥቂቶቹን ገድሎ ቤልጂግን ከአገር የማስወጣት ዕቅድም አለ። ዳሌር በ36 ሰዓት ውስጥ ክምችቱን ለመያዝ ማሰባቸውን ገለጹ። ከሦስት ወር በኋላ፣ ኤፕሪል 7 ቀን፣ 10 የቤልጂግ ወታደሮች ተገደሉ፤ ቤልጂግም ወጣች። ልክ እንደተባለው።

ኒው ዮርክ የሚገኘው የሰላም ማስከበር መምሪያ፣ በወቅቱ በኮፊ አናን የሚመራው፣ ከተሰጣችሁ ሥልጣን ያልፋልና እንዳታደርጉት ብሎ መለሰ። መረጃውን ለፕሬዚዳንት ሃብያሪማና ንገሩ፤ ለቤልጂግ፣ ለፈረንሳይና ለአሜሪካ አምባሳደሮችም አሳውቁ አለ።

እንግዲህ የተበጠሱትን ክሮች አንድ በአንድ እንያቸው። የፋክሱ ርዕስ «ለመረጃ ሰጪ ጥበቃ ስለመጠየቅ» የሚል ነበር፤ በ20 ደቂቃ ስለሚገደሉ 1,000 ሰዎች የሚናገረው አንቀጽ ውስጥ ገብቶ ነው የሚገኘው። በቀን ብዙ ፋክስ ለሚያነብ የቢሮ ሰው ርዕሱ ግማሹን ውሳኔ ይወስናል። ተቀባዩ ደግሞ አንድ ሰው፣ ወታደራዊ አማካሪው ጄኔራል ሞሪስ ባሪል፣ በአንድ መስመር ነበሩ። መስመሩ ሲዘጋ ሁለተኛ መንገድ አልተዘጋጀም፤ ፋክሱ ለጸጥታው ምክር ቤት አባላት አልደረሰም። ቢደርስም ሌላ ጣጣ ነበር፤ በ1994 ሩዋንዳ ራሷ የምክር ቤቱ ተለዋጭ አባል ስለነበረች ወንበሩ ላይ የተቀመጠው የዚያው መንግሥት ተወካይ ነው። መረጃውን ለተጠርጣሪው ቤት ማሳወቅ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። መረጃ ሰጪው ራሱ በኋላ እንደተናገረው የፓርቲው ሰዎች ነገሩ መታወቁን ሲሰሙ መሣሪያ ማከፋፈሉን አፋጠኑት። ለሰውየው የተጠየቀው ጥበቃም አልተገኘም፤ ግንኙነቱም በዚያው ተቋረጠ።  ምንጩን የማይጠብቅ ተቋም ሁለተኛ ምንጭ አያገኝም።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ መነጽሩ ነበር። ዩናሚር የተቋቋመው መንግሥትና አማጺዎቹ በኦገስት 1993 የተፈራረሙትን የአሩሻ የሰላም ስምምነት እንዲያስከብር ነው። ሁሉም ነገር «የተኩስ አቁም ጥሰት» ሆኖ ይነበባል፤ ሁለት ወገን አለ፣ ሁለቱን እኩል ምከር። የሲቪል ሰው እልቂት ዕቅድ ለዚያ ቅጽ የሚሆን ሳጥን የለውም። ጊዜውም ክፉ ነበር። ሞቃዲሾ ላይ 18 አሜሪካውያን ወታደሮች በኦክቶበር 3 ቀን 1993 በተጀመረው ውጊያ ሞቱ፤ ዩናሚርን ያቋቋመው ውሳኔ ቁጥር 872 የጸደቀው ኦክቶበር 5 ቀን ነው። ማንም ሁለተኛ ሶማሊያ አልፈለገም። እያንዳንዱ ክር በስሙ የሚጠራ፣ ሊጠገን የሚችል ስህተት ነው። «ማስጠንቀቂያ አይሠራም» ብሎ መዝጋት እነዚያን ሁሉ ነጻ ያወጣቸዋል።

ጠመንጃ ብቻ ነው የሚያቆመው ለሚለውም መልስ አለን። በመጨረሻ ዘር ማጥፋቱን ያስቆመው የአማጺው የአርፒኤፍ ጦር ማሸነፉ እንደሆነ አንክድም። «ብቻ» የምትለዋ ቃል ናት ችግሩ። ኤፕሪል 21 ቀን ጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ 912 ኃይሉን ከ2,500 ገደማ ወደ 270 ቀነሰው። ሜይ 17 ቀን ሐሳቡን ለውጦ 5,500 ፈቀደ። ወረቀት ላይ የተፈቀደ ወታደር ግን ገዳዮቹ መንገድ ላይ ያቆሙትን ኬላ አያፈርስም። ከአሜሪካ የተገኙት 50 ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎች ኪራዩን ማን ይከፍላል በሚል ክርክር ሳምንታት ፈጅተው በጁን መጨረሻ ኡጋንዳ ውስጥ ኢንቴቤ ሲደርሱ መትረየስም ራዲዮም አልነበራቸውም። ኢትዮጵያም ሻለቃ ጦር አዋጥታለች፤ የደረሰው ግን በኦገስት፣ እልቂቱ ካለቀ በኋላ ነው። አህጉራዊው ልምድም ከዚህ አይለይም። የአፍሪካ ኅብረት የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤት በዲሴምበር 2015 ለቡሩንዲ 5,000 ወታደር ፈቀደ፤ በቀጣዩ ወር አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡት መሪዎች ወደ ኋላ አሉ። በጠመንጃ ብቻ የሚተማመን ሰው ጠመንጃው እስኪመጣ የሚያልፈውን ጊዜ ማስላት አለበት።

በዚያ ጊዜ ውስጥ ደግሞ ስልክ ሕይወት አድኗል። ኤፕሪል 23 ቀን አንድ መኮንን ኪጋሊ የሚገኘውን የሚል ኮሊን ሆቴል ባዶ እንዲያደርጉት አዘዘ። ውስጥ ተጠልለው የነበሩት ሰዎች ወደ ውጭ አገር ደወሉ፤ ከውጭም ወደ ኪጋሊ ተደወለ፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ መኮንኑ ትቶ እንዲሄድ ታዘዘ። በዚያው ወር ቁስለኞች ከቀይ መስቀል አምቡላንስ ወርደው ተገደሉ፤ ቀይ መስቀል በይፋ ሲያወግዝና ዜናው ሲሰራጭ አምቡላንሶቹ ኬላ እንዲያልፉ በራዲዮ ሳይቀር ተነገረ። የአሜሪካ መንግሥት ኤፕሪል 22 ቀን የጦር መሪዎችን በስም ጠርቶ መግለጫ ያወጣው ሩዋንዳዊቷ የመብት ተሟጋች ሞኒክ ሙጃዋማሪያና ሂውማን ራይትስ ዎች ዋይት ሃውስ ገብተው ከተነጋገሩ በኋላ ነው። ገዳዮቹ ውጭ ያለው ሰው ምን እንደሚል ይሰሙ ነበር፤ ነገ መንግሥት ሆነው ዕርዳታ መቀበል ይፈልጋሉ። በጥቅሉ «ሁሉም ወገኖች ይታቀቡ» የሚል መግለጫ አይሞቃቸውም አይበርዳቸውም። ስም፣ ማዕረግና ቦታ የያዘው ግን እንቅልፍ ይነሳል።

የሚል ኮሊን ራዲዮን ሥርጭት ማፈንም ተጠይቆ ነበር። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በሜይ መጀመሪያ የሰጠው መልስ ለዚህ የሚሆነው አውሮፕላን በበረራ ሰዓት 8,500 ዶላር ገደማ ይፈጃል፣ ውጤቱም አስተማማኝ አይደለም የሚል ነው። በአንድ ሰዓት 8,500 ዶላር! በኬላ ያሉትን ገዳዮች የመኪና ታርጋና የመደበቂያ ቤት እየጠራ ለሚመራ ጣቢያ።

ስለ ሐሰተኛ ማስፈራሪያ የተባለውን በአጭሩ እንለፈው። ኬንያ በ2007 መጨረሻ ከተካሄደው ምርጫ በኋላ 1,133 ሰው ሞተባት። በ2010 የሕገ መንግሥት ሕዝበ ውሳኔ ሲደርስ ኡዊያኖ የተባለው የሰላም መድረክ ማንም ዜጋ በቁጥር 108 በነጻ አጭር መልእክት እንዲልክ አደረገ። መልእክቱ ይጣራል፣ ለአካባቢው የሰላም ኮሚቴ ወይም ለፖሊስ ይተላለፋል። ሕዝበ ውሳኔው በሰላም አለፈ። ጸሐፊው ይህን «ምንም ያልሆነበት» ብለው ይቆጥሩታል። ኡዊያኖ ብቻውን አዳነ አንልም፤ አዲስ ሕግ፣ ሽምግልናና ፍርሃትም ነበሩ። ሆኖም ዝናብ ሳይዘንብ ቀረ ብሎ ጃንጥላ ሻጩን መክሰስ ሌላ፣ ጎርፉ በቦይ ስላለፈ ቦይ ቆፋሪውን መክሰስ ሌላ ነው። የስታቲስቲክስ ትንበያ የሚያወጡት ተቋማትም በዝርዝሩ አናት ያሉት አብዛኞቹ አገሮች እልቂት እንደማይደርስባቸው ራሳቸው ይናገራሉ። በዚህ ምክንያት ነው እርምጃው በደረጃ የሚሆነው፤ ምልክቱ ደካማ ሲሆን ርካሹ እርምጃ ይቀድማል። ታዛቢ መላክ፣ ለአዛዡ በስሙ መደወል፣ መታወቂያ ላይ ያለውን የብሔር መለያ ማንሳት። ሩዋንዳ ውስጥ ይህን የመጨረሻውን ለማድረግ በ1990 ቃል ተገብቶ ነበር፤ ሳይፈጸም ቀርቶ በ1994 በየኬላው የሚጠየቀው ያው መታወቂያ ሆነ።

የመጨረሻው ስለ ቃሉ ነው። እዚህ ላይ ኢትዮጵያ በእርግጥ የምትነሳበት ምክንያት አለ፤ በ1948 የጸደቀውን የዘር ማጥፋት ስምምነት ከዓለም አስቀድማ ያጸደቀችው እሷ ናት፣ ጁላይ 1 ቀን 1949። የስምምነቱ ስም ራሱ «መከላከል» ከ«መቅጣት» ቀድሞ የተቀመጠበት ነው። የሄጉ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 2007 በቦስኒያና በሰርቢያ ጉዳይ እንደወሰነው የመከላከል ግዴታ የሚጀምረው መንግሥት ከባድ አደጋ መኖሩን ባወቀበት ወይም ማወቅ በነበረበት ቅጽበት ነው። ፍርድ ቤት እስኪያረጋግጥ አይጠበቅም። ቃሉ እስኪነገርም አይጠበቅም። በጁን 1994 የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ቃል አቀባይ «የዘር ማጥፋት ድርጊቶች» አሉ እንጂ «ዘር ማጥፋት» አላለችም፤ ጋዜጠኞቹም ስንት «ድርጊት» ሲጠራቀም ነው ዘር ማጥፋት የሚሆነው ብለው ጠየቁ። በቃሉ ላይ ሲከራከሩ ሰው ያልቅ ነበር።

በእኛ ሰፈር ደግሞ ችግሩ ተገልብጧል። በአማርኛ ገጾች አንድ ሰው ቢገደልም «ዘር ማጥፋት»፣ መንገድ ቢዘጋም «ዘር ማጥፋት» ይባላል፤ እያንዳንዱ ወገን ሌላውን በዚያው ቃል ይከስሳል፣ የራሱ ወገን ሲያደርግ ግን «ሐሰት ነው» ይላል። ውጤቱ ጸሐፊው እንደሚያስቡት ንቃት አይደለም። አንባቢው እውነተኛውን ከጩኸቱ መለየት ያቅተዋል፤ ከዚያም አልፎ ቃሉ ራሱ «ሊያጠፉህ ነው፣ ቅደማቸው» ለሚለው የቡገሴራ ዓይነት ቅስቀሳ ያገለግላል።

መንግሥታት ያቋቋሙት መዋቅርም ክፍተት አለበት። የምሥራቅ አፍሪካ መንግሥታት ድርጅት ኢጋድ በ2002 ያቋቋመው፣ መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የግጭት ቅድመ ማስጠንቀቂያ ተቋም ሴዋርን፣ በካራሞጃና በሶማሌ አካባቢ ድንበር ተሻጋሪ የከብት ዘረፋን በመስክ ታዛቢዎች በመመዝገብ ነው የጀመረው። ለዚያ ጥሩ መሣሪያ ነው። ነገር ግን መረጃው የሚያልፈው በየአገሩ መንግሥት እጅ ስለሆነ መንግሥት ራሱ የሚሳተፍበትን ግድያ ከዚህ መጠበቅ የዋህነት ነው። ያንን ክፍተት የሚሞሉት ጸሐፊው የናቋቸው ተሟጋቾች ናቸው፤ በአግባቡ ከጻፉ።

በአግባቡ መጻፍ ማለት ምን እንደሆነ በምሳሌ እናሳይ፤ ቦታውና ቁጥሩ ለማሳያ ብቻ ናቸው። «ወገን ሊያልቅ ነው፣ ዓለም ይስማ!» የሚል መልእክት ለማንም ምንም አያዝም። ይህኛው ግን ያዝዛል፦ «ማክሰኞ ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት፣ ሦስት ሰዎች እከሌ ቀበሌ ቤት ለቤት እየዞሩ 41 በር ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አድርገዋል። አንዱ የሚሊሻ ልብስ ለብሷል። የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ለየብቻ አይተዋል፤ የአንደኛው በር ፎቶ ተያይዟል። ምልክት የተደረገባቸው ቤቶች በሙሉ የአንድ ብሔር ሰዎች የሚኖሩባቸው ናቸው። ሐሙስ ገበያ ነው፤ ጥቃት ይኖራል ብለን የምንሰጋው በዚያ ቀን ነው። ማን እንዳዘዛቸው አልታወቀም። የምንጠይቀው፦ የዞኑ ፖሊስ አዛዥ ረቡዕ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ቋሚ ጥበቃ እንዲያቆም፤ ምልክቱም ፎቶ ከተነሳ በኋላ በቀበሌው እንዲጠፋ።» የታየው፣ የተገመተውና ያልታወቀው ተለይተው ተቀምጠዋል። የምስክሮቹ ስም መልእክቱ ውስጥ የለም፤ በሌላ ቦታ፣ በሌላ ሰው እጅ ነው። ጥያቄው በዚያ ሰው ሥልጣን ውስጥ ያለ፣ ሰዓትም የተቆረጠለት ነው።

ተቀባዩም ሦስት ነው፤ የሚወስነው፣ የበላዩ፣ ከሁለቱም ውጭ የሆነ አንድ አካል። አዛዡ ራሱ የሚጠረጠር ከሆነ ከበላዩ ይጀመራል፤ የዳሌር ፋክስ ለሃብያሪማና ይነገር እንደተባለው አይደረግም። የደረሰበት ሰዓት ይመዘገባል። ረቡዕ እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት መልስ ካልመጣ፣ ያው መልእክት «መልስ አልተሰጠም» የሚል አንድ መስመር ተጨምሮበት ለሁለተኛው ይሄዳል፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ደግሞ ለሦስተኛው።